በሸሪካት ወንዝ ዳር የተደረገ ሠርግ

ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ ወደ ምሥራቅ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ ኡጋንዳ ጠረፍ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሸሪካት የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስሙ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም «ኩባንያዎች» ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል አለው፤ በንግድ አብሮ የገባውን ሰው «ሸሪክ»፣ የጋራውንም ሥራ «ሽርክና» እንላለን። ስለዚህ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው የሰፈሩ ስም ለጆሮው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ባለፈው ጥር ወር በዚሁ ሰፈር የታላቅ ወንድሜ ልጅ ስለ ተዳረች፣ እኔም ቤተሰቡን ወክዬ በሠርጉ ላይ ስለ ተገኘሁ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ለክቡራን አንባብያን ባቀርበው አንዳች ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

በዛሬ ጊዜ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ወጣቶች ሠርጋቸውን በባሕር ዳር፣ በአሸዋ ላይ ማድረግ ይወዳሉ። ኢትዮጵያና ደቡብ ሱዳን ግን ሁለቱም የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ናቸው። ስለዚህ በአገራችን እንዲህ ያለውን ሠርግ የሚሻ ሰው ወደ ጣና ዳር ወደ ባሕር ዳር ከተማ፣ ወይም ወደ ሐዋሳ፣ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይሄዳል፤ በጁባ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ዓባይ ዳር ይወርዳል። የእኛም ሙሽሮች የመረጡት ይህንኑ የወንዝ ዳር ነበር። የመረጡትም ወር ለሁለቱም አገር ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በእኛ ዘንድ ጥር እህል ተሰብስቦ ያለቀበት፣ ዐቢይ ጾምም ገና ያልገባበት ስለ ሆነ የሠርግ ወር ይባላል። በጁባ ደግሞ ጥር በጋ ነው፤ ዝናም የለም፤ የወንዙም ውሃ ስለሚጐድል በዳርቻው ያለው አሸዋ ወጥቶ ይታያል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። መንገዱ አጭር ይሁን እንጂ ለውጡ ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ ጁባ 550 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ስለዚህ የደገኛ ሰው ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሲወርድ ሙቀቱ ፊቱን እንደ ምድጃ ወላፈን ይቀበለዋል። እኔም በጠዋት ከቤቴ ስወጣ የለበስሁትን ካፖርት በክንዴ አንጠልጥዬ ወረድሁ፤ እስክመለስም ድረስ ዳግመኛ አልለበስሁትም።

ስለ ከተማይቱ ታሪክ ጥቂት መናገር ይገባል። ከጁባ በስተ ሰሜን፣ በወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጎንዶኮሮ የሚባል የቀድሞ የንግድ ጣቢያ ነበረ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከደቡብ የመጡት እንግሊዞች ስፒክና ግራንት፣ በ1855 ዓ.ም. ከሰሜን ከመጣው ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት በዚያ ነው። ጁባ ራሷ የተቈረቈረችው በእንግሊዞች ዘመን፣ ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በላይ ወንዙ በድንጋይ ላይ እየተወረወረ ስለሚወርድ መርከብ አያሳልፍም፤ ከሰሜን የሚመጡት መርከቦች መጨረሻቸው ጁባ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ብዙ መከራ አይታለች። በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ረዥም ጦርነት ያቆመው ስምምነት የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው። ጦርነቱ እንደ ገና ተነሥቶ አያሌ ዓመታት ከቈየ በኋላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ መንግሥት ሆነች። በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. እና በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. በጁባ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ፤ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. የተደረገው የሰላም ስምምነትም እንደ ቀድሞው በአዲስ አበባ ተፈረመ። ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሙሽራው ቤተሰብ በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ወደ ኡጋንዳ ተሰዶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ነው፤ በየስደቱም ከብቱን አጥቷል። የዚህም ነገር ፍሬ በሠርጉ ላይ ይታያል።

ከከተማው ወደ ሸሪካት የሚሻገሩት በድልድይ ነው። አሮጌው የብረት ድልድይ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን ንግድ ብቻውን ተሸክሞ ኖረ። አዲሱ «የነፃነት ድልድይ» ግን በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ርዝመቱ 560 ሜትር ነው። ሥራው በሁለቱም ውጊያዎች ምክንያት እየተቋረጠ እንደ ገና የተጀመረ ስለ ነበረ፣ የአገሩ ሰዎች ስለዚህ ድልድይ ሲናገሩ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ ሰው አድርገው ይናገሩለታል። ከድልድዩ ማዶ እስከ ጠረፉ እስከ ኒሙሌ የሚደርሰው 192 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ ይጀምራል። ከኬንያና ከኡጋንዳ ዱቄት፣ ሲሚንቶና ነዳጅ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚመጡት በዚህ ነው።

ሸሪካት እንግዲህ የዚህ መንገድ ልጅ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ሴቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ያፈላሉ፤ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች ሰው ጭነው እንደ ንብ ይተራመሳሉ፤ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች አቧራውን ያስነሣሉ። በጁባ የውሃ ቦቴ በመንዳት፣ ሆቴልና ምግብ ቤት በመክፈት፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ የተሠማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። እኅቴም ከእነርሱ አንዷ ናት፤ በሸሪካት ትንሽ ምግብ ቤት ከከፈተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። የወንድሜ ልጅም ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ አክስቷን ለመርዳትና ሒሳብ ለመያዝ ወደዚያ ሄደች። ከሙሽራው ጋር የተዋወቀችው በዚያው ነው። እርሱ በጁባ አካባቢ ነባር ከሆነው ከባሪ ሕዝብ የተወለደ፣ በሥራውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ከአዲስ አበባ ስነሣ ታላቅ ወንድሜ በሕመም ምክንያት መጓዝ ስላልቻለ፣ ባለቤቱም እርሱን ትታ መሄድ ስላልሆነላት፣ የአባትነቱን ሥፍራ ለእኔ ሰጠኝ። ከአልጋው ሳይነሣ እጄን ይዞ፣ «በአባት ቆመህ ዳርልኝ፤ ነገር ግን አደራህን! ከብት እንሰጣለን ይሉሃል፤ አንድ ቀንድ እንኳ እንዳትቀበል። ልጄን አልሸጥሁም» አለኝ። እኔም «እሺ ጋሼ፣ በአደራህ እገኛለሁ» ብዬ ወጣሁ። አደራ ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሰው ሲታመን የተቀበለውን ነገር፣ ዕቃም ይሁን ቃል፣ ሳያጐድል የሚመልስበት ማሰሪያ ነው።

ሸሪካት በደረስሁ በማግሥቱ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች በሙሽራው አጎት ግቢ በማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። በእኛ በኩል ከእኔና ከእኅቴ በቀር ዘመድ ስላልነበረን፣ በጁባ የሚኖሩ አራት ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶች ሽማግሌ ሆነው አብረውን ተቀመጡ። ከእነርሱ ሦስቱን ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ነገር ግን አንዱ እንደ አጎት፣ አንዱ እንደ ወንድም፣ አንዱም እንደ ክርስትና አባት ሆኖ ተናገረ። በሰው አገር የሚኖር ሰው ዘመዱን ከጎረቤቱ መካከል ይመርጣል። ንግግራችን በጁባ ዐረብኛ ነበር፤ እኅቴም ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻዋ ስለ ለመደችው የሁለቱን ወገን ቃል ታስተረጕም ነበር።

የሙሽራው አጎት፣ ጠጕራቸው የሸበተ፣ ረዥምና ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ስለ መንገዴና ስለ ጤናዬ፣ ቀጥሎም ስለ ወንድሜ ሕመም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ራስ ከብት መዘጋጀቱን አስታወቁ። ወዲያው የወንድሜን ቃል በትሕትና ገለጽሁላቸው፤ ልጃችንን የምንሰጠው በፍቅር እንጂ በዋጋ አይደለምና፣ ከብቱን ለእናንተው ይሁን አልሁ።

እኅቴ ይህን ባስተረጐመች ጊዜ በግቢው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሴቶቹ እንኳ ከማድቤቱ በር ቆመው አዳመጡ። ሽማግሌው ጥቂት ቈይተው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ዋጋ ያለው ማን ነው? ዋጋ ማለት ገዝቶ መለያየት ነው፤ ከገበያ ዱቄት የገዛሁበትን ሰው ዳግመኛ አላየውም። ከብት ግን አያለያይም። በእኛ ዘንድ ያለ ከብት የመጣች ሙሽራ ወገን የሌላት ትባላለች። ባሏ ቢበድላት ማን መጥቶ ይጠይቅላታል? የሚጠይቅላት ከብቱን የተቀበለ አባትና አጎት ነው። ከዚህም ሌላ በጦርነቱ በረታችን ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ነበር። እነዚህ አሥራ ሁለቱ የተሰበሰቡት ከአክስት፣ ከአጎትና ከጎረቤት በስድስት ዓመት ውስጥ ነው። አልቀበልም ብትሉን ለሰጡን ሰዎች ምን ብለን እንመልሳለን?»

በእውነቱ ነገሩ አስጨነቀኝ። በአንድ ወገን የወንድሜ አደራ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ከስደት የተመለሰ ቤተሰብ ክብር አለ። ከብቱን ብቀበል የሙሽራይቱ አባት ልጄ ተሸጠች ብሎ ያዝናል፤ ባልቀበል ልጂቱ በምትገባበት ቤት ወገን የሌላት ሆና ትቈጠራለች። ሽማግሌውም ነገሩን ለማስዋብ አልሞከሩም። ከብት በዝቶ ሲጠየቅ ወጣቶች ዕዳ እንደሚገቡ፣ የሰው ከብት ሊዘርፉ እየሄዱም ደም እንደሚፋሰሱ፣ ለከብት ሲባልም ያልደረሰች ልጅ የምትዳርበት ሥፍራ እንዳለ ራሳቸው ተናገሩ። እኔም በበኩሌ በአገራችን ለአንድ ቀን ድግስ ሲባል ለዓመታት የሚከፈል ብድር የሚገባ ሰው ጥቂት አለመሆኑን ነገርኋቸው። እንዲህ አንዳችን የሌላውን ሳንነቅፍ የየራሳችንን ጉድለት ስንናገር ልባችን እየተቀራረበ ሄደ።

በዚህ ጊዜ ሙሽራይቱ በአክስቷ በኩል ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ልማዱ ባይሆንም ተፈቀደላት። «ጋሼ፣ አባቴ አትሽጧት ማለቱ እኔን ማክበሩ ነው። የእነርሱም ከብት ማምጣት እኔን ማክበራቸው ነው። ሁለት ክብር ተጣልቶ እኔ በመካከል ልቀር አይገባም» አለችኝ። ይህን ተናግራ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ነገሩን ሁሉ ከእኛ ይልቅ በአጭሩ የጨረሰችው እርሷ ነበረች።

እኔም ይህን ስሰማ ሟቹ አባታችን በጎጃም ስለ ተጋቡበት ሥርዐት የነገሩን ትዝ አለኝ። በድሮው የገጠር ልማድ ለሚጋቡት ልጆች መቋቋሚያ የሚሆን «ማጫ» የሚባል ነገር ነበረ። የወንዱ ወላጆች ይህን ያህል በሬና ላም ሲሰጡ፣ የሴቲቱም ወላጆች በዚያው ልክ ይሰጡ ነበር፤ ከብቱም ለአንዱ ወገን ሳይሆን ለአዲሱ ጎጆ ይሆን ነበር። ደግሞም «ከብት» የሚለው የአማርኛ ቃል በጥንቱ አነጋገር የቀንድ እንስሳ ብቻ ሳይሆን ሀብትና ገንዘብ ሁሉ ማለት ነው። የዛሬው ጥሎሽም፣ ማለት ሙሽራው ከሠርጉ በፊት ለሙሽራይቱ የሚያመጣው ልብስና ጌጥ፣ በሽማግሌ ፊት እየተገለጠ ይታያል እንጂ የልጅ ዋጋ ነው የሚል ማንም የለም። ይህንን በልቤ ካመዛዘንሁ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድሁና ለወንድሜ ስልክ ደወልሁ።

የሽማግሌውን ቃልና የልጁን ቃል እንዳለ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «አባባ ሲጋቡ ከእማማ ቤት ስንት በሬ መጣ ነበር ያሉት?» ሲል ጠየቀኝ። «ከወዲህ ሁለት፣ ከወዲያ ሁለት» አልሁት። «እንግዲያስ ነገሩ ሌላ ነው» አለ፤ «እነርሱ የሚሰጡትን ያህል እኛም እንስጥ። ከብቱ የልጆቹ ይሁን። አሥራ ሁለት ግን አቅሜ አይደለም፤ ሦስት ይስጡ፣ ሦስት እንሰጣለን።»

ወደ ጉባኤው ተመልሼ ይህን ባቀርብ፣ የሙሽራው ወገኖች የሴት አባት ከብት ይሰጣል የሚለውን ነገር ሰምተው ስለማያውቁ በመጀመሪያ ተሳሳቁ። በኋላ እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ተመካከሩ። አጎቱም፣ «በእኛ ዘንድ ከብት ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። በእናንተ ዘንድ ከሁለት ቤት ወጥቶ ወደ ሦስተኛ ቤት ይገባል። ይህም መልካም ነው፤ ዕዳ አያመጣም» አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ለመኑ፤ ይኸውም ከስድስቱ ጊደሮች አንዲቱ በሙሽራይቱ አባት ስም እንድትጠራ፣ ስለ ልጂቱ የሚጠይቅ ሰው እንዳለም ምልክት እንድትሆን ነው። ከቀሩት ዘጠኝ ራስ ከብቶችም አንድ በሬ ለድግሱ ተፈቀደ፤ ስምንቱ ወደየሰጪዎቻቸው በምስጋና እንዲመለሱ ተስማማን። ሦስቱን ጊደሮች የምንገዛበትን ገንዘብ ወንድሜ ከላከልን ላይ፣ የጐደለውን በጁባ ያሉት ኢትዮጵያውያን እንደ ዕድር ወግ አዋጥተው ሞሉት።

የሽማግሎች ቃል እንዲህ ከተፈጸመ በኋላ የሕጉን ነገር ተመለከትን። በውጭ አገር የሚጋቡ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ስለ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ፣ የሕዝብን ሞራል የሚቃረን እስካልሆነ ድረስ፣ በኢትዮጵያም የጸና እንደሚሆን ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ መሆኑን፣ ዕድሜያቸውም አሥራ ስምንት ዓመት የሞላ መሆን እንደሚገባው ያዛል። እንግዲህ የድግሱ ማማር ጋብቻውን አያጸናውም፤ የአሸዋውም ውበት ምስክር ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ ሙሽሮቹ ከሠርጉ ቀን አስቀድመው በአገሩ ሹም ፊት ቀርበው ፈረሙ፤ ምስክሮቻቸውም አብረው ፈረሙ። እኔም ወረቀቱን አንብቤ፣ የሁለቱም ስም በፓስፖርታቸው እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን ካረጋገጥሁ በኋላ ግልባጩን ለእኅቴ ሰጠሁ። በሌላ ወረቀት ደግሞ ስድስቱ ጊደሮች የባልና የሚስት የጋራ ሀብት መሆናቸው ተጻፈ፤ ይህም የተደረገው በሙሽራይቱ ጥያቄ ነው።

የሠርጉ ዕለት የሃይማኖቱ ሥርዐት በሁለቱ ቤተሰብ ስምምነት በማለዳ ተፈጸመ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ጥቂት ስትበርድ፣ ከሸሪካት ወደ ምዕራብ በእግርና በመኪና ወደ ወንዙ ወረድን። በዳርቻው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ከድንኳኑም እስከ ውሃው ድረስ የተዘረጋው አሸዋ በሣር ተጐዝጕዟል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሕፃናቱን ሰብስቦ ወደ ውሃው እንዳይቀርቡ በብርቱ አስጠነቀቃቸው፤ በዚያ ወንዝ አዞ አለ፤ ውሃውም ረጋ ያለ ቢመስል ከሥር ይጐትታል። ስለዚህ ሁለት ጐልማሶች ዱላ ይዘው እስከ መጨረሻው በዳርቻው ቆሙ።

ሙሽራይቱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ በአክስቷና በጎረቤት ሴቶች ታጅባ ስትወርድ የእኛ ሴቶች እልል አሉ፤ የሙሽራውም ወገኖች እልልታውን ተቀብለው መለሱት። በዚህ ነገር ሁለቱ ሕዝብ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም። ከበሮ ግን ሁለት ዓይነት ነበረ። የእኛዎቹ ሲመቱ ትከሻ ይነቀነቃል፤ የእነርሱ ሲመታ እግር መሬቱን ይረግጣል። መጀመሪያ በየተራ ተጨፈረ፤ ኋላ ግን የሙሽራው ታናሽ ወንድም እስክስታ ሊሞክር ገብቶ ሁሉን ስላሳቀ፣ ከዚያ ወዲያ ተራ መጠበቅ ቀረ።

በገበታውም ላይ እንዲሁ ሆነ። ዶሮ ወጥና እንጀራ፣ ከወንዙ የወጣ ዓሣ ጥብስ፣ የበሬው ሥጋ፣ ደግሞም ኪስራ የሚባለው የእነርሱ ምግብ ቀረበ። ኪስራ ከማሽላ ዱቄት ቦክቶ፣ በምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ የሚጋገር ነው፤ መልኩም ጣዕሙም ለእንጀራ የቅርብ ዘመድ ይመስላል። የሙሽራው እናት እንጀራውን አንሥተው በጣታቸው ውፍረቱን ከመረመሩ በኋላ፣ «ይህ ደግሞ ብርድ ያለበት አገር ኪስራ ነው» አሉ። እኅቴም ቡና አፈላች። በደቡብ ሱዳን በቦማ ተራራማ አገር ቡና በዱር እንደሚበቅል ነግሬያቸው ብዙዎቹ ተደነቁ።

ፀሐይ በምዕራብ፣ ከወንዙ ማዶ ከጁባ ከተማ በላይ መጥለቅ በጀመረች ጊዜ ሽማግሎች ለምርቃት ተነሡ። የሙሽራው አጎት በወንዙ ላይ አመልክተው እንዲህ አሉ፦ «ይህ ውሃ ከኢትዮጵያ የመጣ አይደለም፤ ከደቡብ ከታላላቆቹ ሐይቆች የመጣ ነው። ነገር ግን ወደ ሰሜን ሲሄድ ከማላካል በላይ ሶባት ይገባበታል፤ ሶባትም የእናንተን ባሮን ይዞ የሚመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ይህ የእኛ፣ ያ የእናንተ ብሎ የሚለየው የለም።» ይህ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በምድር ካርታ ላይም የተጻፈ እውነት ነው። በካርቱም ደግሞ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ይጨመርበታልና፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከአንድ ወንዝ ይጠጣል። ቀጥሎ እኔ ተነሥቼ በወንድሜ ስም፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ ውለዱ፣ ክበዱ ብዬ መረቅሁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። የሙሽራይቱ እናት በሥፍራው አለመኖሯን ግን ምንም ምርቃት አልሸፈነውም። ልጂቱ ወደ ውሃው ዘወር ብላ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት፤ አማቷም ሳትናገር መጥታ ከጎኗ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን «መልስ» በእኅቴ ቤት ተደረገ። መልስ ማለት ሙሽራይቱ ከባሏ ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት የምትመለስበት ግብዣ ነው፤ ወላጆቿ በሩቅ ስለ ነበሩ የአክስቷ ቤት የወላጅ ቤት ሆነ። ምግብ ከተነሣ በኋላ ወንድሜንና ባለቤቱን በስልክ አገኘናቸውና ድምፃቸው ለሁሉ እንዲሰማ አደረግን። ወንድሜ አማቹን መረቀ፤ ለአጎትየውም ምስጋና አቀረበ። በዚህ ጊዜ የሙሽራው እናት በእኅቴ አስተርጓሚነት፣ «በስምዎ የተጠራችው ጊደር ግንባሯ ነጭ ነው፤ እርስዎ ግን በአዲስ አበባ ተቀምጠው ከብትዎን እንዴት ያዩታል?» ሲሉ ጠየቁት። ወንድሜም፣ «ስትወልድ ንገሩኝ፤ ያን ጊዜ ድኜ መጥቼ አያታለሁ» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁም በስልኩ ውስጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ።

ጊደሯ እስካሁን አልወለደችም። ነገር ግን ወንድሜ አሁን ከአልጋው ተነሥቶ በግቢው ውስጥ በምርኵዝ ይመላለሳል፤ በየሳምንቱም ወደ ሸሪካት ደውሎ በመጀመሪያ ስለ ልጁ፣ ቀጥሎም ስለ ጊደሯ ይጠይቃል። የሙሽራው አጎት በማንጎው ዛፍ ሥር የፈለጉትም ይኸው፣ ጠያቂ መኖሩ ነበር።